ስልሳ አምስት የምትባለው እህቴ

የዚያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ነፋስ የቀላቀለ፣ ጃንጥላ የሚገለብጥ፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም የሚመታ ዝናብ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ በአንድ እጄ ሽንኩርት በሌላው ሳሙና ይዤ በሩን በክርኔ ገፋሁት። ታላቅ እህቴ ወጥ ቤቱ መሃል ቆማለች። የዝናብ ልብሷን አላወለቀችም፤ ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውሃ እግሯ ሥር ኩሬ ሠርቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ወለሉን አረጠብሽ ብላ የምትጮኸው እሷ ናት።

"ቀዩን ሊያቆሙት ነው" አለችኝ።

"የምን ቀይ?"

"ቀዩን ነዋ! ስንት ቀይ አለ? ፋብሪካው በር ላይ ለጥፈውታል። በወሩ መጨረሻ ይጠምቁና በቃ። ከዚያ ወዲያ ቢጫውን ብቻ ነው የሚሠሩት።"

ሽንኩርቱን አስቀምጬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልደነገጥኩም። በዚህ ዕድሜዬ ነገር ሲቆም ማየት ለምጃለሁ። እሷ ግን የሰው ሞት እንደሚያረዳ ሰው ነበር የነገረችኝ።

እህቴ ቢራ ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ብቅል መዘፍዘፍ ነበር። የተፈጨው ብቅል ክፍል በሚያህል በርሜል ውስጥ ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በዚያች ሰዓት ብቅሉ ስኳሩን ለውሃው ይሰጣል። በኋላ እርሾው ያንን ስኳር እየበላ ቢራ ያደርገዋል። ሙያው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ሙቀቱ ዝቅ ካለ እርሾው ጠራርጎ ይበላውና ቢራው ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። ከፍ ካለ ደግሞ እርሾው የማይበላው ነገር ይተርፍና ቢራው አፍ ይሞላል። የሁለትና የሦስት ዲግሪ ጉዳይ ነው።

በርሜሉ ጎን ላይ ክብ መለኪያ ተተክሎ ነበር። መርፌው ስልሳ አምስት ላይ ሲደርስ እህቴ "ስልሳ አምስት!" ብላ ትጮኻለች፤ የእንፋሎቱን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ይዘጋል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። እኔ ማዶ ጠርሙስ ማጠቢያው ውስጥ ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚጠራው ሰው እያነሰ መጣና ስልሳ አምስት ሆና ቀረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም መንገድ ላይ "ስልሳ አምስት፣ እንዴት አደርሽ?" ነው የሚሏት። ደስ ይላት ነበር። የምትኮራበት ሌላ ብዙ ነገር አልነበራትም።

ቀዩ የሚባለው ቢራ ኤል የሚሉት ዓይነት ነው። እንደ ቢጫው በቀዝቃዛ ክፍል ሳይሆን ለብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከላይ በሚንሳፈፍ እርሾ ይፈላል። የበሰለ ፖም የመሰለ ሽታ አለው። እህቴ ጡረታ በወጣች በወሩ ያንን ቢራ እቤት ውስጥ ካልሠራሁ ብላ ተነሳች። ትልቅ ድስት፣ ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ በርሜል፣ የጎማ ቱቦና የመስታወት ቴርሞሜትር ገዛች። የዘፈዘፈችው ብቅል ሙቀቱን እንዳይለቅ ድስቱ በብርድ ልብስ መጠቅለል አለበት፤ ብርድ ልብሱ የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቅል ብቅል የሚሸት ብርድ ልብስ ለብሼ ተኝቻለሁ። ቢራው ግን አንድ ቀን እንኳ ቀዩን ሆኖ አያውቅም። አሥራ አራት ጊዜ ጠመቀች፣ አሥራ አራት ጊዜ ቀምሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

ያ ዝናብ የጣለበት ሳምንት ሳያልቅ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ።

አንደኛው ልጇ ነው። ሌላ ከተማ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜር ይታዘበኛል። የቤታችንን ኪራይ የሚሸፍነው እሱ ነበር። ሦስተኛ ልጅ ሲወለድለት ግን መጣና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ፣ "እማዬ፣ ሁለት ቤት አልቻልኩም። ከእኔ ጋር ኑሩ። ክፍል አለ" አላት።

ክፍሉን እናውቀዋለን። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛው የሚቆምበት ነው። እህቴ አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ቆይታበት ስትመለስ፣ "ብርጭቆ ላጥብ ብል ምራቴ ከእጄ ትቀማኛለች። 'ይቀመጡ እማማ፣ ይቀመጡ እማማ።' ተቀምጬ ተቀምጬ ልሙት?" ብላኝ ነበር።

ሁለተኛው ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ባለቤት ነው። በሠላሳ ዓመቱ ፀጉሩ ስለነጣ ሸበቶ ይሉታል። እህቴን አስጠራትና እኔም ተከትያት ሄድኩ።

"ስልሳ አምስት፣ የኔ ሰዎች እዚህ የሚመጡት ለቀዩ ነው" አላት። "ቀዩ ከቀረ ወንበሮቹን ሰብስቤ መዝጋት ነው። እቤትሽ የምትሞካክሪውን ሰምቻለሁ። ከሠራሽው የጓሮው ኩሽና ያንቺ ነው፤ በደመወዝ ትጠምቂልኛለሽ። ግን ቀዩን የመሰለ አልፈልግም። ራሱን ቀዩን ነው።"

ጥግ ላይ የቀድሞው የጠመቃ አለቃ ተቀምጠዋል። ከእሷ ቀድመው ጡረታ የወጡ፣ አሁንም ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ አሰሙ።

"በድስት?" አሉ። "ሰማህ ሸበቶ፣ ቀዩ በድስት ሊወጣ ነው።"

"ምን አለበት ጋሼ? ሥራውን እንደሆነ አውቀዋለሁ" አለች እህቴ።

"አንቺ የምታውቂው መርፌዋን ነው። መርፌና ቢራ አንድ ናቸው?" ወደ ሸበቶ ዞሩ። "በል እንደ ፋብሪካው በሦስት ብርጭቆ ይፈተን። አምስት ሰው ይቅመስ።"

የሦስት ብርጭቆው ፈተና እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ ነው፤ አንዱ ሌላ። ቀማሹ ሌላኛውን ማግኘት አለበት። ካላገኘው ልዩነት የለም ማለት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ካገኙት እህቴ ተሸነፈች፤ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ አለፈች። ሸበቶ አንድ ሳጥን ቀይ ቢራ ለፈተናው አስቀምጦ ቆለፈበት። ቀኑ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ቅዳሜ ሆነ።

ልጇ ይህን ሲሰማ ግንባሩን አሻሸና ሳቀ። "እሺ እማዬ። ካለፍሽ ሥራ አገኘሽ፣ ኪራዩን ትችያለሽ፣ እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካላለፍሽ ግን በዚያው ቅዳሜ መኪናዬ ውስጥ ትገቢያለሽ። አክስቴም ጭምር።"

"ቃሌ ነው" አለች።

እኔ በማግስቱ ከሱቆች ባዶ ካርቶን መሰብሰብ ጀመርኩ። አልጋዬ ሥር ደረደርኩት። እህቴ አይታኝ ስታልፍ አንዱን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

በዚያ ጊዜ እርሾውን የምታገኘው ከራሱ ከቀዩ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ ሥር ስስ አተላ ይተኛል፤ እርሾ ነው። ቢራውን ቀስ ብላ ትቀዳና አተላውን ለብ ባለ የብቅል ውሃ ታስነሳዋለች። ከሱቅ ፓኬት የሚሻል መስሏት ነበር። "ከራሱ ከቀዩ ሆድ የወጣ እርሾ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣልኝ?" ትለኛለች። የፖሙ ሽታ ግን አይመጣም። አሥራ አምስተኛውንም በዚሁ ጠመቀችና ሲቀመስ እንደ በፊቱ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ክርኗን ተክላ ተቀመጠች።

እኔ ብርጭቆዎቹን እያጠብኩ፣ "የካርቶኑ እርሾ እኮ ሽታ የለውም" አልኳት። ላጽናናት ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

"የምን ካርቶን?"

"ጠርሙስ ሲሞላ የሚጨመረው ነዋ። ነጭ ፓኬት፣ በካርቶን የሚመጣው። ባዶ ካርቶኑን የምጥለው እኔ ነበርኩ።"

ቀና አለች። "ቆይ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። በትልቁ በርሜል ላይ የሚንሳፈፈው እርሾ ቢራው ወደ እኛ ክፍል ሳይመጣ ተጣርቶ ይቀራል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ እርሾ ይጨመርበታል፤ ጠርሙሱ ሥር ድርቅ ብሎ የሚተኛ፣ ሲቀዱት የማይነሳ፣ ሥራው አረፋ መስጠት ብቻ የሆነ። እሷ ዝፍዘፋ ክፍል ነበረች፤ የኛን ክፍል በር ረግጣ አታውቅም። እኔም አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጠርሙስ አጣቢ፣ ስለ እርሾ የሚጠይቀኝ ሰው ነበረ እንዴ?

"ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

"አንቺ ልጅ" አለች፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ "አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ትገድይኛለሽ።" ይህን እያለች ጫማዋን እያሰረች ነበር።

የትልቁ በርሜል እርሾ ከላይ በጭልፋ ተገፎ ከሚያስፈልገው የተረፈው ለዳቦ ቤቱ እንደሚሰጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋጋሪው ሰኞ ሰኞ በባልዲ ይወስዳል። ቀዩ ሊቆም ስለሆነ የሚመጣው ሰኞ የመጨረሻው ባልዲ ነበር። እህቴ በፈላ ውሃ የተቀቀለ ንጹህ ማሰሮ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከጋጋሪው ቀድማ ተገኘች።

"ለዳቦ ከሆነ ዳቦ ግዢ" አላት ጋጋሪው፤ ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። "መጀመሪያ የኔን ዳቦ ለምን እንደተውሽ ንገሪኝ።"

"ጥርሴ ጥቂት ነው የቀረው። ፈርቼ ነው።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። "አይ ስልሳ አምስት! በይ አምጪ።" ከባልዲው፣ ሊጥ ሳይነካው፣ ከላይ በንጹህ ጭልፋ ቀዳላት። ክሬም የመሰለ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት እርሾ። እንደ ሕፃን አቅፋው መጣች። ከፊሉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረች፤ በከፊሉ አሥራ ስድስተኛውን ጠመቀች።

በርሜሉን መኝታ ክፍላችን አስቀመጠችው፤ ሙቀቱ ሃያ ዲግሪ አካባቢ የሚቆየው እዚያ ነው። በማግስቱ አረፋው ክዳኑን አንስቶ በጎን ወጣ። እህቴ ሳትደነግጥ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ነይ! ነይ አሽትቺ!"

ፖም። መኝታ ቤታችን ሙሉ ፖም። ያንን ሽታ መጨረሻ ያሸተትኩት በሥራ ልብሴ ላይ ነበር። እንባ መጣብኝ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስላልነበር ምክንያት አጥቼ ፊቴን አዞርኩ።

ግን ደስታው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ቢራው ሲረጋ ቀዳንና ቀመስን። ሽታው ቀዩ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የለም፤ ውሃ ውሃ ይላል፤ ይደርቃል። በዚያው ሳምንት አለቃው በበራችን ሲያልፉ ጎራ አሉ። ክራቫታቸውን ይዘው ተጎነጩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ሽታውን አግኝተሽዋል፤ አልዋሽሽም። ሰውነት ግን የለውም። በስንት ዘፈዘፍሽው?"

"በስልሳ አምስት ነዋ ጋሼ። በስንት ሊሆን ነው?"

"ጎበዝ። እንዳትለውጪው" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አልጣመኝም፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

እሷ ብቅሉን ለወጠች፣ ውሃውን አጣራች፣ ዝፍዘፋውን አንድ ሰዓት ተኩል አደረገች። በትንሽ ድስት እየሞከረች ሌላውን ሁሉ ነካካች፤ ስልሳ አምስትን ግን አልነካችም። ስሟ ነዋ። አምስት ሳምንት ብቻ ሲቀር ብሎን መጣ።

ብሎን የፋብሪካው መካኒክ ነበር፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ነው ስሙ። የቧንቧችንን ውሃ ማንጠባጠብ ሊያስተካክል መጥቶ ቢራ ሰጠነው። ቀምሶ፣ አስቦ፣ እንደገና ቀመሰ።

"ቀዝቅዞ ነው የተዘፈዘፈው" አለ።

"ስልሳ አምስት ነው!"

"በየትኛው ስልሳ አምስት? በዚህ?" ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመስታወት ቴርሞሜትር አሳያት። "የፋብሪካው መለኪያ ሦስት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያነበው እኮ። አንድ ሰው በብቅል ማማሰያው መቅዘፊያ መቶት ዘንጉ ጎብጦ ነው፤ አንቺ ሳትቀጠሪ። ልቀይረው ስል አለቃው 'ቢራው ጥሩ ነው፣ እንዳትነካው' አሉኝ።"

"ትዋሻለህ።"

"እትዬ፣ ምን በወጣኝ?"

"ትዋሻለህ አልኩህ! ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኔን ተክዬ ያየሁትን!"

ብሎን አልተቀየመም። መፍቻውን እንኳ ሳይሰበስብ ወጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ተመለሰ። ቀዩ ቆሞ አሮጌው በርሜል ሲፈርስ መለኪያውን ወስዶ የጥገና ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ኖሯል። ክቡ የነሐስ ፊት፣ የተጫረው መስታወት፣ ክንድ የሚያህለው ዘንግ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ጎብጧል። እህቴ ስታየው እጇን ወደ አፏ አደረገች፤ የድሮ ጎረቤቷን ያገኘች ነበር የምትመስለው።

መጀመሪያ የመስታወቱን ቴርሞሜትር በረዶ ውሃ ውስጥ ከተትነው፤ ዜሮ አለ። እሱ ትክክል ነው። ከዚያ ድስት ሙሉ ውሃ አሙቀን ሁለቱንም ጎን ለጎን ነከርናቸው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን። የመስታወቱ ስልሳ ስምንት ላይ ሲደርስ የነሐሱ መርፌ ስልሳ አምስት ላይ ቆመ።

እህቴ ምድጃውን አጠፋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ውሸት ስጮህ ነበር ማለት ነው" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት።"

"ቢራው ልክ ነበር፣ እትዬ" አለ ብሎን። "ጩኸትሽም በሰዓቱ ነበር። ቁጥሯ ብቻ ናት የሳተችው።"

"እሳቸው ያውቁ ነበር?"

"ሳይነግሩኝ ምን ብዬ እተወዋለሁ? ያውቃሉ።"

ያኔ የአለቃው ፈገግታ ገባኝ።

ሦስት ቀን ድስቱን አልነካችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። በአራተኛው ቀን ካርቶኖቹን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁና ፊቷ ደረደርኳቸው።

"ምንድነው ይኼ?"

"ጊዜ የለም፣ እትዬ። ልሙላቸው ወይስ ልጣላቸው? ቁርጡን ንገሪኝ።"

ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች። "ብርድ ልብስሽን አምጪ" አለችኝ።

አሥራ ሰባተኛውን የጠመቀችው የመስታወቱን ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ትታ ነው። ከብሎን የተዋሰችውን የነሐስ መለኪያ ድስቱ ጠርዝ ላይ በሽቦ አሰረችው። ብቅሉን አፈሰሰች፣ አማሰለች፣ ዓይኗን መርፌው ላይ ተከለች። እኔ የምድጃውን ቁልፍ ይዣለሁ። መርፌው ቀስ እያለ ወጣ፤ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ አራት።

"ስልሳ አምስት!"

ጎረቤት የሰማ ይመስለኛል። ዘጋሁት። ድስቱን በብርድ ልብሴ ስንጠቀልል እየሳቀች ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖረችውን የጋጋሪውን እርሾ አስነስታ ጨመረችበት። ያንን ቢራ ግን እስከ ፈተናው አልቀመሰችውም። "የቀመስኩት ሁሉ አሳፍሮኛል፤ ይኼን እነሱ ይቅመሱት" አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጇ በመኪና መጣ። እኔ ለማንኛውም ሁለት ሻንጣ አዘጋጅቼ በሩ ሥር አቁሜ ነበር፤ አይቶ ቀስ ብሎ መኪናው ውስጥ ከተታቸው። እህቴም አይታለች።

ሸበቶ ጠረጴዛዎቹን ገጥሞ አምስት ወንበር ደርድሯል። ቀማሾቹ እሱ ራሱ፣ አለቃው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይና የእህቴ ልጅ ነበሩ። ብሎን "አንተ ታዳላለህ" ተብሎ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። የሸበቶ ሚስት ኩሽናውን ዘግታ ብቻዋን ቀዳች። የእህቴ ቢራ የገባባቸው ብርጭቆዎች ታች በጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎባቸዋል፤ የብርጭቆዎቹ ጎን ደግሞ በወረቀት ተጠቅልሏል። አንዳንዱ ቀማሽ ሁለት የፋብሪካና አንድ የእህቴ ይደርሰዋል፤ ሌላው በተቃራኒው። ሁሉም ቀምሶ የለየውን በወረቀት ጽፎ ፊቱን ወደ ታች ያስቀምጣል፤ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ በየተራ ይገለበጣል፣ ብርጭቆውም ተነስቶ ታቹ ይታያል።

እህቴ ቆማ ነበር። "ተቀመጪ" አልኳት።

"ያንን ቃል እንዳትደግሚብኝ" አለችኝ።

መጀመሪያ የፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆዎች ተነሱ። አግኝቶታል። "በእውነት ገመትኩ" አለ፤ "ለመላጣ ሰው ፀጉር እንደመቁረጥ ነበር።" ቀጥሎ ጋጋሪው። እሱም አገኘው። "ይቅር በዪኝ" አላት፤ ትልቅ ሰውነቱ ሲያንስ አየሁት። ሁለት ሆነ። አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር አለቀ።

ሸበቶ ወረቀቱን ገለበጠ። ሚስቱ ብርጭቆውን አነሳች። ስቷል።

ልጇ ለረጅም ጊዜ ብርጭቆዎቹን ሲያያቸው ነበር። አላጭበረበረም፤ አውቀዋለሁ፣ እንኳን በቢራ በካርታም አያጭበረብርም። ወረቀቱን ገለበጠ። የሸበቶ ሚስት አነሳች። ስቷል። እናቱን ሳያይ ጣሪያውን አየ።

የቀሩት አለቃው ብቻ ናቸው። መሃረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ።

"እኔ ለመለየት ሦስት ጊዜ መቅመስ አላስፈለገኝም" አሉ። "የግራዋ ናት። ድስት ድስት ትላለች። ሁለቱ ቀዩ ናቸው፤ ያቺ ግን የቤት ናት።" ወረቀታቸውን ገለበጡ፤ ግራ ይላል።

የሸበቶ ሚስት የግራውን ብርጭቆ አነሳችና ወደ መብራቱ አዞረችው። ታቹ ንጹህ ነበር፤ ነጥብ የለውም። የፋብሪካው ነበር። የመሃሉን አነሳች፤ እሱም የፋብሪካው። የቀኙን ስታነሳ ቀይዋ የጥፍር ቀለም ታየች።

ከዚያ ብሎን ከግድግዳው ሥር ጮኸ፤ ቤቱ ተናወጠ። ጋጋሪው እህቴን ከመሬት አነሳት። "አውርደኝ፣ ጉልበቴ!" ትላለች፣ ትስቃለች። ሸበቶ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ "የራሳቸውን ፋብሪካ ድስት አሉት! የራሳቸውን!" ይላል።

አለቃው አልሳቁም፤ ግን አልወጡምም። የእህቴን ብርጭቆ ወስደው እንደገና ቀመሱ። ዝግ ብለው ዋጡ።

"በስንት ዘፈዘፍሽው?" አሉ።

እህቴ ሹራቧን አስተካክላ ፊታቸው ቆመች። "በስልሳ አምስት፣ ጋሼ" አለቻቸው። "በእርስዎ ስልሳ አምስት።"

አለቃው ወደ ብሎን ዞር ብለው አዩ፤ ብሎን ጣሪያውን ያያል። ቀስ ብለው ተነሱና ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ወደ እሷ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ በፊት ለማንም ያንን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ልጇ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። "እማዬ፣ ሻንጣዎቹን ልመልሳቸው?"

"ቀስ ብለህ መልሳቸው። ምሳህን ግን ሳትበላ አትሄድም። ብርጭቆውንም የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንተ ተቀመጥ።"

ካርቶኖቹን ለዳቦ ቤቱ ሰጠኋቸው። ባዶነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

እህቴ አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በሸበቶ መጠጥ ቤት ጓሮ ባለው ኩሽና ውስጥ ማክሰኞና ዓርብ ቀዩን ትጠምቃለች። የነሐሱ መለኪያ፣ እንደጎበጠ፣ በአዲሱ በርሜል ጎን ላይ ተተክሏል። እርሾው ከዚያ ከመጨረሻው ሰኞ ባልዲ የመጣ ነው፤ ከጠመቃ ወደ ጠመቃ ከላይ በጭልፋ እየተገፈፈ እስከ ዛሬ አለ፤ የተረፈውን ጋጋሪው በባልዲ ይወስዳል። የቤቱን ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት። እኔ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ አዲስ ብርድ ልብስም ገዝታልኛለች።